እንጦጦ ፓርክ ለመውጣት ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ለሰፈራችን ልጆች ከቤት ጀርባ ያለ ጓሮ ነበር። ትምህርት ከሌለ እንወጣለን፣ ቀጋ ለቅመን እንበላለን፣ ጅብ መጮህ ሳይጀምር ሮጠን እንወርዳለን። ፓርክ ከሆነ ወዲህ ዘመድም ጓደኛም እየደወለ ይጠይቀኛል። ከውጭ የመጣው ይጠይቃል፣ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ አንድም ቀን እንጦጦ ያልወጣውም ይጠይቃል። ጥያቄው ሁሌ ይመሳሰላል። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ጻፍኩት። ቀድሜ ልናገር፦ እኔ ቦታውን የምወደው ለጸጥታው ነው፤ የምመክረውም ከዚያ ተነስቼ ነው።

እንጦጦ ፓርክ ምን ዓይነት ቦታ ነው?

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከተማዋን ከላይ ሆኖ የሚያያት ተራራ ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ፓርኩ የተመረቀው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ብዙ ሰው ፓርክ ሲባል የተከረከመ ሣር፣ ፏፏቴና አግዳሚ ወንበር ብቻ ያስባል። ያም አለ። ግን እንጦጦ ከሁሉ በፊት ደን ነው፤ መንገድ፣ ካፌና መጫወቻ የገባበት ትልቅ ደን። ይሄን ካወቃችሁ ጫማ አመራረጣችሁም፣ የምትወጡበት ሰዓትም፣ የምትጠብቁት ነገርም ይስተካከላል።

በታክሲ እንዴት ነው የሚኬደው?

ከፒያሳም ከአራት ኪሎም ብትነሱ መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ። የሐበሻ ልብሱን ገበያ የምታውቁት ከሆነ እሱ ጋ ነው። ከዚያ «ማርያም! ማርያም!» እያለ የሚጠራ ረዳት ታገኛላችሁ፤ እንጦጦ ማርያም ድረስ የሚወጣው ታክሲ እሱ ነው። አቀበቱ ቀጥ ያለ ነው፣ መኪናው ያቃስታል፣ ጆሯችሁም ትንሽ ሊደፈን ይችላል። ራይድ ጠርታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስትመለሱ መኪና ማግኘት እንደ አወጣጡ ቀላል አይደለም፤ በተለይ እሁድ ማታ። ከሾፌሩ ጋር የመመለሻ ሰዓት ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል።

ከሽሮ ሜዳ በእግር መውጣትስ?

ይቻላል። እኛ ሁሌ በእግር ነበር የምንወጣው። ነገር ግን መንገዱን ከመኪና ጋር ነው የምትጋሩት፣ ዳገት የሚያጣጥር አሮጌ መኪና ጭስ ደግሞ ንጹሕ አየር ፍለጋ የወጣን ሰው አያስደስትም። የኔ ምክር፦ በታክሲ ውጡ፣ ትንፋሻችሁን ለደኑ አቆዩት፣ ጉልበታችሁ ደህና ከሆነ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ። ስትወርዱ ከተማው ፊት ለፊታችሁ ነው።

በየትኛው ቀንና ሰዓት ብሄድ ጸጥ ይላል?

ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ። ጠዋት ሰው ጥቂት ነው፣ ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል ሰያፍ ይገባል፣ ቅጠሉ ገና ጤዛ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ግማሹ አዲስ አበባ እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ማየት፣ መጫወት፣ መሳቅ የምትፈልጉ ከሆነ እሁድ ጥሩ ቀን ነው፤ ዝምታ የምትፈልጉ ከሆነ ግን እሁድን ተዉት።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በወር በ21 ማርያም፣ በ1 ራጉኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት ናት። በእነዚህ ቀናት ነጭ የለበሰ ምዕመን ከሌሊት ጀምሮ ይወጣል፣ ታክሲውም መንገዱም ይሞላል። ለማንገስ ከሆነ የምትሄዱት እንኳን አደረሳችሁ። ለሽርሽር ከሆነ በማግስቱ ሂዱ።

ከዓመቱ የትኛው ወቅት ይሻላል?

ለኔ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ የሚወዳደረው የለም። ክረምቱ ሁሉንም አጥቦታል። ገላጣው ላይ አደይ አበባ ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ይሆናል። አየሩ ጥርት ያለ ቀን ከገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ከታች ከተማውን፣ ከከተማው ወዲያ ፉሪን፣ ወጨጫንና የረርን ታያላችሁ፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ በጣም ርቆ ዝቋላ ለብቻው እንደተቀመጠ ሽማግሌ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠዋቱ ግን ውርጭ ነው፣ ጣት ያደነዝዛል። የካቲትና መጋቢት ይደርቃል፣ አቧራ አለ። ሐምሌና ነሐሴን ብዙዎች ይፈሩታል፤ ጭቃና በረዶ አለ፣ እውነት ነው። ጉም የሚወድ ሰው ግን ሐምሌን ይሞክራት።

ገና አሥር ደቂቃ ሳልራመድ ልቤ መምታት ጀመረ። ታምሜ ነው?

ከፍታው ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ሰባ በመቶ ያህሉ ነው። አየሩ ይሳሳል፣ ልብም ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር በመጠኑ ለምዶታል። ትናንት ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የገባ ሰው ግን ዛሬ እንጦጦ ላይ ልሩጥ ቢል ሰውነቱ እሺ አይለውም። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በገባ በማግስቱ «እኔ እኮ ጂም የምሠራ ሰው ነኝ» ብሎ አቀበቱን በሩጫ ጀመረው፤ መቶ ሜትር ሳይሄድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ስንሰጠው ነበር።

ሁለት ሦስት ቀን ከተማው ውስጥ ቆዩ። ከዚያ ውጡ። ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ውሃ ጠጡ፣ እያወራችሁ መራመድ ካቃታችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ደም ማነስ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሐኪሟን ወይም ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ማስታወክ እየመጣ ከሄደ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው።

ምን ልልበስ? ምን ልያዝ?

ፒያሳ ላይ በሸሚዝ የሚያስኬድ ቀን ላይኛው እንጦጦ ላይ ሹራብ ያስፈልገዋል። መቶ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ግማሽ ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ጋቢ መያዝ ያሳፍራል የሚል ካለ አልሰማውም፤ ሣር ላይ ይነጠፋል፣ ሲበርድ ይደረባል፣ ሕፃን ይታቀፍበታል፣ ከጋቢ የተሻለ የፓርክ ዕቃ እኔ አላውቅም።

ብርድ ስላለ ፀሐዩን አትናቁት። ከፍታ ላይ ፀሐይ የበለጠ ታቃጥላለች፤ ባርኔጣ ያዙ፣ ፊታችሁ ስስ ከሆነ የፀሐይ ቅባት ተቀቡ። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ይሁን። የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ጸጥታ ፍለጋ ነው የምሄደው። የት ልቀመጥ?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ካፌዎቹን እለፏቸው። ስትመለሱ ቡና ትጠጡባቸዋላችሁ፣ የትም አይሄዱም። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለውን የእግር መንገድ ያዙና አሥራ አምስት ሃያ ደቂቃ ያህል ተራመዱ። ከመንገዱ ሳትርቁ፣ ጀርባችሁን ለዛፍ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ስልኩን አጥፉት፣ ወይ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

መጀመሪያ ምንም አትሰሙም። ጆሮ ከከተማ ጫጫታ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ቀጥሎ የከተማው ድምፅ ራሱ ይመጣል፤ ከታች፣ እንደ ትልቅ ወፍጮ፣ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም። ትንሽ ስትቆዩ እሱ ይሸሽና ነፋሱ ይተካል። ባህር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ዝናብ የመጣ ይመስላል፣ ቀና ብዬ ሰማይ ያየሁበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ ወፎቹ። ቀኑ የጾም ከሆነና ነፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ ደግሞ ከማርያም ወይ ከራጉኤል የቅዳሴ ዜማ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይደርሳችኋል። ይሄ ሁሉ ለመምጣት ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ግን አምስት ደቂቃ ተቀምጦ «ደበረኝ» ብሎ ይነሳል።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ቤታችን ለሳምንታት ሰው አልተለየውም። እድርተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የሩቅ ዘመዱ። ያ ሰው ባይኖር ኖሮ እኔም እናቴም አንተርፍም ነበር። ግን ብቻዬን የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ብዘጋ «አይ፣ ብቻሽን አትሁኚ» ብለው ይከፍቱታል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳያየኝ እንጦጦ ወጣሁ። አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ማንም አልመጣም። ከዚያ ተነስቼ ወረድኩ፣ ለቤቱ እንግዶች ቡና አፈላሁ። እስከ ዛሬ ያቺን ጽድ አውቃታለሁ።

ብቻዬን ብሄድ ሰው ምን ይለኛል?

«ምን ሆነህ ነው?» ይላችኋል። እኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ የተጣላ ወይ የታመመ ይመስላል። ከልባቸው አስበው ነው፣ አትቀየሙ። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ላርፍ ነው» ማለት ይበቃል። ደጋግማችሁ ስትሄዱ ጥበቃዎቹም የጽዳት ሠራተኞቹም ይለምዷችኋል፣ ሰላምታ ብቻ ይሆናል።

ደህንነትን በተመለከተ፣ ሰው በሚመላለስበት መንገድ እስከሆናችሁ ድረስ በቀን ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ጥንቃቄው የታወቀ ነው። ወደ ደኑ መሃል ርቆ አለመግባት፣ ለአንድ ሰው የት እንዳላችሁ መንገር፣ የስልክ ባትሪ ሞልቶ መውጣት፣ ሳይመሽ መውረድ። ብቻዋን ለምትወጣ ሴት እኔ የምመክረው ጠዋትን ነው፤ ጠዋት የሚሮጡትና የሚራመዱት አሉ፣ መንገዱ ሰው አያጣም።

ስፒከር ይዘን ብንሄድስ? ሙዚቃ ከሌለ ምኑ ሽርሽር ነው?

እባካችሁ ተዉት። ይሄን የምለው ሙዚቃ ጠልቼ አይደለም። ተራራ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። እናንተ ስድስት ሆናችሁ የምትጨፍሩበት ዘፈን ከማዶ ተቀምጦ የሚጸልየው ሰውዬ ጆሮ ውስጥ ነው ያለው፣ እንቁላል የታቀፈችው ወፍ ጎጆ ውስጥም ነው ያለው። አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ የምትከፍቱበት ቦታ ሞልቷል። ዝም የሚባልበት ቦታ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፣ ወይ ራሳችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ ዝፈኑ፤ ክራር ይዘው የሚወጡ ልጆች አይቼ አውቃለሁ፣ እነሱ ማንንም አልረበሹም።

ዛፉ ሁሉ ባህር ዛፍ ነው። የአገራችን ዛፍ የለም እንዴ?

አለ፣ ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ሠራዊቱም ሕዝቡም የሚያነደው፣ ቤት የሚሠራበት እንጨት ከዚሁ ተራራ ነበር። ጽዱም ወይራውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፍጭፎ አለቀ። ከተማው ወደ ታች ከወረደ በኋላም የማገዶ እጦቱ እየባሰ ሄዶ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ያኔ ነው ከአውስትራሊያ የተገኘው ባህር ዛፍ የደረሰው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። አዲስ አበባ በቦታዋ የቀረችው በዚህ ዛፍ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩም ግልጽ ነው። ውሃ በጣም ይጠጣል። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልቡ አያድግም፣ አፈሩ ይራቆታል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ወደ ከተማው ይወርዳል። ቅጠሉ ቅባት ስላለው በበጋ በትንሽ እሳት ይቀጣጠላል። ስለዚህ የአገር በቀል ችግኝ እየተተከለ ባህር ዛፉን ቀስ በቀስ መተካት ተገቢ ነው እላለሁ። ቀስ በቀስ የሚለው ቃል ላይ አሰምሩልኝ፤ ቁልቁለት በአንድ ጊዜ ከተራቆተ መዘዙ ከታች ላለው ሰፈር ነው።

ስትሄዱ ጽድን፣ ወይራን፣ ዝግባን፣ ጥቁር እንጨትን፣ ኮሶን ለመለየት ሞክሩ። ኮሶ አበባው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ቀይ ሲሆን በጣም ያምራል፤ አያቶቻችን ለትል የሚጠጡት ያ መራራ ነገር ከዚህ አበባ ነው። በቀላሉ የምታገኟቸው ግን በአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ነው፣ እዚያ ማንም አልነካቸውም።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች እነማን ናቸው?

ለእንጦጦ ከማንም በላይ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሌሊት ተነስተው ይወጣሉ፣ የወደቀ ቅርንጫፍና ቅጠል ይሰበስባሉ፣ በገመድ ያስራሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ያን ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳሉ። የብዙ ቤት እንጀራ የተጋገረው በዚያ ቅጠል ነው፤ የእኛም ቤት። እናቴ ቅጠል የምትገዛቸው አንዲት እማማ ነበሩ፣ ሸክሙን ሲያወርዱ ጀርባቸው ቶሎ አይቃናም፣ ግድግዳችንን ተደግፈው እስኪቃና ይቆያሉ፣ ከዚያ ውሃ ይጠይቃሉ።

ዛሬ ቁጥራቸው ቢቀንስም መንገድ ላይ ስታገኟቸው መንገዱን ልቀቁላቸው። ሸክም የያዘ ሰው ቁልቁለት ላይ ቆሞ ማሳለፍ ከባድ ነው። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሷቸው። «እማማ፣ በርቱ» ማለት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

እንስሳትና ወፎች ይታያሉ? ጅብስ?

ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ይታያሉ። ጋጋኖ መጀመሪያ በድምፁ ነው የምታውቁት፣ ጮክ ብሎ እየተንጫጫ በመንጋ ያልፋል፤ ይሄ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለም። አረንጓዴዋ ትንሽ በቀቀንም ክንፏ ከሥሩ ጥቁር የሆነችው እንዲሁ የእነዚሁ ሁለት አገሮች ናት። ምንቃሩ ወፍራም የሆነው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ አያመልጣችሁም። ግንደ ቆርቁርን ለማየት ማንኳኳቱን ተከተሉ። ጉሬዛ አለ፣ ሚዳቋና የምኒልክ ድኩላም በደኑ ውስጥ ይኖራሉ፤ ድኩላን ማየት ግን የጠዋት ሰው ዕድል ነው።

ጅብ አለ። ቀን ይተኛል፣ ማታ ወደ ከተማው ቆሻሻ ይወርዳል። ከመምሸቱ በፊት ከወረዳችሁ አትገናኙም። ለዝንጀሮም ለጦጣም ምግብ አትስጡ፤ አንዴ የለመደ እንስሳ ቀጥሎ ከልጅ እጅ መንጠቅ ይጀምራል።

ልጆች ይዤ ብወጣ ምን ያደርጋሉ?

ዚፕላይን አለ፣ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ቀስት ማነጣጠር አለ፣ ሌላም የሚጫወቱበት ነገር አያጡም። እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ቶሎ ይደመራል፤ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁና ለልጆቹ «አንድ አንድ ምረጡ» በሏቸው። ከዚያ በኋላ ደኑ ውስጥ ልቀቋቸው። የባህር ዛፍ ፍሬ ለቅመው እንደ እንዝርት ሲያሾሩ፣ እንጨት ለእንጨት ደግፈው ጎጆ ሲሠሩ ሁለት ሰዓት ያልፋል። እኛ ያደግነው በዚያ ነው። ሹራብና ቅያሪ ካልሲ እንዳትረሱ።

ለአረጋውያንስ ይሆናል?

የተመቻቸ ጠፍጣፋ መንገድ ባለበት አካባቢ ከቆያችሁ ይሆናል። እናቴን በወር አንዴ አወጣታለሁ። መኪና እስከሚደርስበት እንሄዳለን፣ ትንሽ እንራመዳለን፣ ፀሐይ ያለበት ወንበር ላይ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጣለች። ከእሷ ጋር ስሄድ ፍጥነቱ የእሷ ነው፣ እቅዱም የእሷ ነው።

ምግብና ቡና?

ካፌና ምግብ ቤት አለ፣ ዋጋው ከሰፈር ይበልጣል። እኔ ቆሎ፣ ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዤ ነው የምወጣው። የያዛችሁትን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቅርፊትም ቢሆን። ከሰል ማያያዝ፣ የሲጋራ ቁራጭ መጣል በፍጹም አይሆንም፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት። ያ ደን እንዴት እንደሚቀጣጠል ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ቤተ መንግሥቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ እንዳያመልጣችሁም። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። እዚያው ግቢ ያለው ሙዚየም የምኒልክንና የጣይቱን ልብስና ዕቃ ይዟል። ቤተ መንግሥታቸው ደግሞ ብዙ ሰው ሲያየው ይገረማል፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ነጭ የተቀባ፣ ሣር ክዳን፣ ጣሪያው እንጨት። የዓድዋው ንጉሥ በዚያ ብርድ እዚህ ቤት ውስጥ እንደኖሩ ሳስብ ለእቴጌ ጣይቱ አልፈርድባቸውም፤ እሳቸው ናቸው ከታች ፍልውሃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ ፈልገው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት፣ 1879 ዓ.ም አካባቢ። ራጉኤልም እንዲሁ የምኒልክ ሥራ ነው፣ ስምንት ማዕዘኑ የሚያምር ነው።

እንጦጦ ላይ ጠበል አለ። ከሩቅ የመጡ፣ ወራት የሚቆዩ ሕመምተኞች እዚያ ይኖራሉ። ወደዚያ ስትጠጉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ካሜራችሁን ክተቱ፣ ነጠላ ልበሱ።

ለመሮጥ የሚወጡት ሁሉ አትሌቶች ናቸው? እኔም ብሞክር?

ከንጋቱ የምታዩዋቸው አብዛኞቹ አዎ። ከፍታው ደማቸው ኦክስጅን እንዲሸከም ያሠለጥነዋል፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በዚህ አቀበት ላይ ነው የሠራው። ጀማሪ ከሆናችሁ ሩጫና እርምጃ እያፈራረቃችሁ ጀምሩ። ከኋላችሁ የእግር ኮቴ ከሰማችሁ ወደ ዳር ውጡ፤ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

ለእኔ እንጦጦ ሩቅ ነው። ሌላ ጸጥ ያለ ቦታ አለ?

ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፣ 705 ሄክታር ነው፣ የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት። ለአገር በቀል ዛፍ ከእንጦጦ ይበልጣል፣ ሰውም ያንሰዋል። መሃል ከተማ ከሆናችሁ ወዳጅነት ፓርክ ይቀርባችኋል፤ እዚያ ሰው አይጠፋም፣ ውሃው ዳር ጠዋት መቀመጥ ግን ደስ ይላል።

እሱም ካልተመቻችሁ በሰፈራችሁ ያለ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ግቡ። ከቅዳሴ በኋላ፣ አራት አምስት ሰዓት ላይ፣ ዋርካው ወይ ጽዱ ሥር ሁለት አረጋውያን ብቻ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ጠጋ ብላችሁ «እንደምን ዋላችሁ» በሉና ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።